«ትመለሻለሽ ወይ?»

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ የመገናኛ ዝግጅት ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለኅትመት ሲባል በመጠኑ ያጠረ)



የዝግጅት ኮሚቴው ደውሎ «ውጭ አገር ለመማር ስለሚቀርብ የቪዛ ማመልከቻ ተናገሪልን» ሲለኝ መጀመሪያ የመሰለኝ በስሕተት የደወሉልኝ ነው። እኔ ሐኪም ነኝ፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አይደለሁም። «ስለ እናቶች ጤና ብናገር አይሻልም?» አልኳቸው። «ስለ እሱማ ዓመቱን ሙሉ ትናገሪያለሽ። አንቺ አንድ ጊዜ ተከልክለሻል፣ አንድ ጊዜ ተፈቅዶልሻል፣ ሄደሽም ተመልሰሻል። አሁን ደግሞ ለልጆቹ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፊዋ አንቺ ነሽ። ሌላ ማን ይናገር?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። የመጀመሪያው የቪዛ ቃለ መጠይቄ የፈጀው ሦስት ደቂቃ ስለነበር፣ ለኔ ሃያ ደቂቃ ብዙ ነው።

ስለዚያች ሦስት ደቂቃ እስከ ዛሬ በአደባባይ ተናግሬ አላውቅም። ያመለከትኩበትን አገርም ሆነ የኤምባሲውን ስም አልጠራም። ጥፋቱ የእነሱ ስላልነበረ መጥራቱም አይጠቅምም።

ጊዜው 2000 ዓ.ም. ነው። ከተመረቅሁ በኋላ ሁለት ዓመት በወረዳ ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ሠርቼ፣ በመምህርነት ተቀጥሬ ጅማ ተመልሻለሁ። ለሕዝብ ጤና ማስተርስ አመልክቼ ተቀባይነት አገኘሁ። የትምህርቱን ክፍያ ዩኒቨርሲቲው ቻለልኝ፤ የመኖሪያውን ግን «ራስሽን እንደምትችዪ በማስረጃ አሳዪ» ተባልኩ። በዚያን ጊዜ በባንክ ደብተሬ ላይ የነበረውን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ።

ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አጠገብ ጠባብ ቢሮ የከፈተ ጉዳይ አስፈጻሚ ነበር። «ዶክተር፣ ምን ያስጨንቅሻል? ገንዘብ ያለው ዘመድ ፈልጊ፤ ለአንድ ወር አካውንትሽ ውስጥ ያስገባልሽ፤ ስቴትመንቱን አሳትመሽ መልሺለት። ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለኝ። እኔም አጋሮ ወደሚኖሩት አጎቴ ሄድኩ። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ቡና ነጋዴ ናቸው። 180,000 ብር አስገቡልኝ። ቡና ነጋዴ በመኸር ወቅት ያን ያህል ገንዘብ ከንግዱ አውጥቶ ለአንድ ወር ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ፣ የአጋሮና የጅማ ልጆች ታውቁታላችሁ።

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊት በአውቶቡስ መናኸሪያ ተሰልፌ፣ ቀኑን ሙሉ ተጉዤ፣ ጊቤ በረሃ ላይ ልብሴ በላብ ረጥቦ ገባሁ። መንገዱን በሙሉ የምሸመድደው ጉዳይ አስፈጻሚው የሰጠኝን መልስ ነበር። በማግስቱ መስኮቱ ፊት ቆምኩ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ሰውዬ ወጣት ነው፤ በዕድሜ ብዙም አይበልጠኝም። ትሕትና የጎደለው ሰውም አልነበረም። ወረቀቶቼን አገላበጠና ቀና አለ።

«ይህ ገንዘብ የማን ነው?»

«የራሴ ነው፤ ያጠራቀምኩት ነው።»

«ደመወዝሽ ስንት ነው?»

ነገርኩት።

«ሥራ ከጀመርሽ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሦስት።»

ሒሳቡን እሱ ሳይጨርስ እኔ ጨረስኩት። ደመወዜ ተቆራርጦ እጄ የሚገባው 3,000 ብር አይሞላም ነበር። ሳልበላ፣ ሳልለብስ፣ የቤት ኪራይ ሳልከፍል ባስቀምጥ እንኳ 180,000 ብር ለመድረስ ከአምስት ዓመት በላይ ያስፈልገኛል። በዚያ ላይ ወረቀቱ ገንዘቡ በአንድ ቀን እንደገባ በግልጽ ይናገራል።

«ትምህርትሽን ስትጨርሺ ትመለሻለሽ ወይ?»

«አዎ፣ እመለሳለሁ።»

«ለምን?»

«አገሬን ስለምወድ።»

ይህኛው ውሸት አልነበረም። ግን ከፊቴ የቆሙትም ከኋላዬ የቆሙትም የሚመልሱት እንደዚሁ ነው፤ ሰውዬው በዚያ ቀን ስንት ጊዜ እንደሰማው አስቡት። ፓስፖርቴን ከአንዲት ቁራጭ ወረቀት ጋር በመስኮቱ ሥር ገፋ አደረገልኝ። አለቀ።

ውጭ ወጥቼ ለአጎቴ ደወልኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። «ገንዘቡ የኔ እንደሆነ ነገርሻቸው?» አሉኝ። «አይ፣ የራሴ ነው አልኳቸው» አልኩ። ዝም አሉ። ቆይተው «ለምን? እኔ እኮ አሳዳጊሽ ነኝ። የማሳፍር ነኝ እንዴ?» አሉኝ።

ከቪዛው መከልከል ይልቅ ያቺ ጥያቄ ናት እስከ ዛሬ የምታመኝ። ምክንያቱም እውነቱ ከውሸቱ የተሻለ ነበር። ያመለከትኩበት አገር ዘመድ ወጪ እንዲሸፍን ይፈቅዳል። የአጎቴን የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኛቸውን፣ የዓመታት የባንክ እንቅስቃሴያቸውንና «ያሳደግኋት ልጅ ናት፤ ወጪዋን እችላለሁ» የሚል ደብዳቤያቸውን ይዤ ብሄድ ኖሮ የሚያስፈልገኝ ሁሉ በእጄ ነበር። በእጄ የነበረን እውነት ጥዬ የተበደርኩትን ውሸት ይዤ ሄድኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ሕጉ ልናገር፤ ልጆቻችሁም ተማሪዎቻችሁም ይጠይቋችኋልና።

አሜሪካንን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ አንቀጽ 214(ለ) የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፤ ለአብዛኞቹ ጊዜያዊ ቪዛዎች የሚያመለክት ሰው፣ ቆንስላውን እስኪያሳምን ድረስ፣ በዚያው ለመቅረት እንደሚሄድ ሰው ይቆጠራል። የማስረዳት ሸክሙ የአመልካቹ ነው። እኛ በሽተኛ ሲመጣ «ታሟል» ብለን ነው የምንጀምረው፤ እነሱም «ሊቀር ነው» ብለው ይጀምራሉ። ይህ ጥላቻ አይደለም፤ ሕጉ የሚያዝዛቸው ነው። በዚህ አንቀጽ የተከለከለ ሰው ይግባኝ የለውም፤ ነገር ግን እንደገና ከማመልከት የሚያግደው የለም። በውሸት የተያዘ ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። አውቆ ሐሰተኛ ነገር ያቀረበ ሰው፣ ልዩ ምሕረት ካልተደረገለት በቀር፣ ዕድሜ ልኩን ሊታገድ ይችላል። እንግሊዝ ደግሞ በማታለል የተገኘን አመልካች 10 ዓመት ታግዳለች። ጉዳይ አስፈጻሚዎቹ ይህን አይነግሩንም። እኔ በ27 ዓመቴ ምን ያህል ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ እንደነበር ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

ደንቡ ከአገር አገር ይለያያል፤ የሰው ልጅ የጎረቤቱን ፋይል ገልብጦ የሚወድቀውም ለዚህ ነው። ለአሜሪካ አጎትም አክስትም ስፖንሰር ሊሆን ይችላል። እንግሊዝ ግን የአጎት ገንዘብ አትቀበልም፤ ወይ የራስ፣ ወይ የወላጅ ወይም የሕጋዊ አሳዳጊ፣ ወይ የትዳር ጓደኛ መሆን አለበት። ያም ገንዘብ በአካውንቱ ውስጥ 28 ተከታታይ ቀን ሳይጎድል መቆየት አለበት፤ 27ኛው ቀን ላይ ያመለከተ ሰው ይወድቃል። ከስድስት ወር በላይ ለሚቆይ ኢትዮጵያዊ አመልካች የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ትጠይቃለች፤ ስንቱን በሽተኛ ኤክስሬይ ስናስነሳ የኖርን ሰዎች ተራችን ሲደርስ ደረታችንን እንነሳለን። ጀርመን ደግሞ የዓመት መኖሪያውን በተዘጋ አካውንት አስቀምጡ ትላለች፤ በ2017 ዓ.ም. መጠኑ 11,904 ዩሮ ነበር።

ወጪውም እንደ ድሮው አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ለአሜሪካ የተማሪ ቪዛ የተማሪ መረጃ ምዝገባው 350 ዶላር፣ የቪዛ ማመልከቻው 185 ዶላር ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ 535 ዶላር፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበር፣ ይህ ከ30,000 ብር እምብዛም አይርቅም ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ50,000 ብር በላይ ሆነ። የአንድ ወጣት ሐኪም የስንት ወር ደመወዝ እንደሆነ እናንተ አስሉት። ለዚህ ነው አንድ ልጅ ባልተዘጋጀ ፋይል እንዲሄድ መፍቀድ የሌለብን።

ወደ ራሴ ልመለስ። ከዓመት በኋላ እንደገና ለመሞከር ስወስን አንድ መምህራችን ጋ ሄድኩ። ዛሬ በሕይወት የሉም። ስማቸውን ብጠራ ከዚህ አዳራሽ ግማሹ ሰው እንባው ይመጣል፤ ስለዚህ «ዶክተር» ብቻ ልበላቸው። ሞርኒንግ ሴሽን ላይ ያልተሟላ ሂስትሪ ይዞ የቀረበን ሰው ምን ያደርጉት እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ፋይሌን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉትና «በይ፣ ኬዝሽን አቅርቢ» አሉኝ።

መጀመሪያ ያዩት የልደት ቀኔን ነው። እኔ የተወለድኩት ጳጉሜን 3 ቀን 1972 ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 8 ቀን 1980 ይሆናል፤ ፓስፖርቴም የሚለው ይህንኑ ነው። የልደት ማስረጃዬ ላይ ግን ጸሐፊው እንደ አገሩ ልማድ «3/13/72» ብሎ ጽፎታል። ቀን ሦስት፣ ወር አሥራ ሦስት። ለእኛ ስሕተት የለበትም። ወርን ከቀን አስቀድሞ የሚያነብ ሰው ግን ማርች 13 ቀን 1972 ብሎ ያነበዋል። ስምንት ዓመት ተኩል አስረጀኝ ማለት ነው! የስሜም አጻጻፍ በፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ በትራንስክሪፕቱ ላይ ሌላ ዓይነት ነበር። «እዚህ ፋይል ውስጥ ሁለት ሴቶች አሉ። አንዷ ዘንድሮ 37 ዓመት ይሞላታል። የትኛዋ ናት የምትሄደው?» አሉኝ ዶክተር። ሁሉንም አስተካክዬ፣ በሁለቱም አቆጣጠር አስጽፌ፣ ወሩን በቃል አስጽፌ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስመስክሬ እስክመለስ ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ መጣ። «ይህን ትምህርት ለምን ትማሪያለሽ?»

«ዕውቀት ለመቅሰም» አልኳቸው።

«ዕውቀት እዚህም ይቀሰማል። ሂጂና አስበሽ ነይ።»

በሳምንቱ ሄድኩ። «የአገሬን የጤና ሥርዓት ለማሻሻል» አልኩ። «አንቺ ልጅ፣ በሽተኛ ‹ሁሉ ነገሬን ያመኛል› ሲልሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉኝ። «የት ላይ ብዬ እጠይቃለሁ።» «እኔም እሱን ነው የምጠይቅሽ። የት ላይ?»

በሦስተኛው ጊዜ የነገርኳቸው ስለ ቲቲፒ ነው። እናንተም ሁላችሁም ያለፋችሁበት ነው፤ የሕክምናው፣ የፋርማሲው፣ የላብራቶሪው፣ የነርሲንጉ ተማሪ በአንድ ቡድን ሆኖ ጤና ጣቢያ የሚወጣበት። እኛ በነበርንበት ጤና ጣቢያ አንዲት እናት በቃሬዛ መጣች። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ማህፀኗ ተቀዷል። ወደ ጅማ ላክናት፤ እሷ ተረፈች፣ ሕፃኑ አልተረፈም። ማታ መዝገቡን ስሞላ የመጣችበት ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ አለ። ምጥ የጀመራት መቼ እንደነበር፣ ከቤት የወጣችው መቼ እንደሆነ፣ ቃሬዛ እስኪገኝ ስንት ሰዓት እንደጠበቀች የሚጻፍበት ቦታ ግን የለም። የኋላ ገጾችን ገለጥኩ። ከእሷ በፊት ዘግይተው የመጡት ሁሉ የተጻፈላቸው የመጡበት ሰዓት ብቻ ነው። በክፍል ውስጥ ስለ ሦስቱ መዘግየቶች ተምረናል፤ ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። መዝገቡ ግን የሚያውቀው ሦስተኛውን ብቻ ነበር። «ያልተጻፈውን ጊዜ እንዴት እንደሚቆጠር መማር እፈልጋለሁ» አልኳቸው።

ዶክተር መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ለምን ደብዳቤሽ ውስጥ አልጻፍሽውም?» አሉኝ። «የተለመደ ነገር ስለመሰለኝ» አልኩ። «ለእኛ ነው የተለመደው» አሉ።

በዚያው ሰሞን የማመልከቻ ደብዳቤዬን ቀድጄ እንደ አዲስ ጻፍኩት። ሁለት ገጽ የነበረው አንድ ገጽ ሆነ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሐኪም የመሆን ሕልም ነበረኝ» የሚለው ወጣ፤ ስለ መዝገቡ የሚለው ገባ።

በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ላይ የቀረብኩት ሌላ ሰው ፊት ነው፤ ሴት ናት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ከዚህ በፊት ተከልክለሻል። ምን ተለወጠ?» የሚል ነበር። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። «ያን ጊዜ ገንዘቡ የራሴ ነው ብዬ ነበር። የኔ አልነበረም፤ ያሳደጉኝ የአጎቴ ነው። ዘንድሮም ወጪዬን የሚችሉት እሳቸው ናቸው፤ ማስረጃቸው ይኸውና» አልኳት። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ። ትምህርቴን ስጨርስ በተማርኩበት ጊዜ እጥፍ ለማገልገል የፈረምኩትን ውል አሳየኋት። «ለምን ትመለሻለሽ?» አለች። ስለ መዝገቡ ነገርኳት። ሳትጽፍ አዳመጠችኝ። ተፈቀደልኝ።

እባካችሁ ይህን በደንብ ተረዱልኝ፤ ጥፋትን መናዘዝ በር ይከፍታል እያልኩ አይደለም። ሊዘጋብኝም ይችል ነበር፤ በሕጉ መሠረት ቢዘጋብኝ የምከራከርበት አልነበረኝም። ዕድለኛ ነበርኩ። ተማሪዎቻችን በዕድል እንዲተማመኑ አልፈልግም፤ የሚናዘዙት ነገር ሳይኖራቸው እንዲሄዱ ነው የምፈልገው።

ሄድኩ፣ ተማርኩ፣ ተመለስኩ። ስለ መመለሴ ጭብጨባ አልፈልግም። የተመለስኩት ከሌሎቹ የተሻልኩ ስለሆንኩ አይደለም። ውል ነበረብኝ፣ እናቴ ታማ ነበር፣ መዝገቡም ነበር። ከክፍላችን ብዙዎቹ ውጭ ናቸው፤ አንዳንዶቹ አሁን እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ወቀሳ የለኝም። ለሐኪሞች ደግሞ ጥያቄው ድርብ ነው። አሜሪካ ለስፔሻሊቲ ሥልጠና በልውውጥ ቪዛ የሚገባ ሐኪም፣ «ይህ ሙያ ያስፈልገናል፤ ሐኪሙም ለመመለስ ቃል ገብቷል» የሚል ደብዳቤ ከአገሩ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ማቅረብ አለበት። ሥልጠናው ሲያልቅም ሁለት ዓመት አገሩ ገብቶ መኖር፣ ወይም ግዴታው እንዲነሣለት ማስፈቀድ ይኖርበታል። ከመካከላችሁ ግዴታው ተነሥቶላችሁ፣ ሐኪም በማይገኝበት ገጠር ያገለገላችሁ አላችሁ። ያም አገልግሎት ነው። እኔ የምለው «ትመለሻለሽ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በመስኮቱ ፊት የሚሸመደድ ዓረፍተ ነገር ሆኖ መቅረት የለበትም ነው። ልጁ ፎርሙን ከመሙላቱ በፊት ከራሱ ጋር፣ ከቤተሰቡ ጋር፣ ከመምህሩ ጋር ሊነጋገርበት ይገባል። የምር አስቦበት «አላውቅም» ላይ የደረሰ ልጅ እንኳ፣ ቢያንስ እዚህ የሚጠብቀውን ሥራና የፈረመውን ውል በትክክል መናገር ይችላል።

መዝገቡስ ምን ሆነ? ትጠይቁኝ ይሆናል። በምንሠራባቸው ጥቂት ጤና ጣቢያዎች ሁለት ዓምድ ጨምረንበታል፤ ምጥ የጀመረበትና ከቤት የተወጣበት ሰዓት። ትልቅ ነገር አይደለም። ግን አዋላጇ ስትጠይቅ ቤተሰቡ ያስባል፤ በሚቀጥለው እርግዝና ቀድመው የሚመጡ አሉ።

አሁን ወደሚከብደኝ ክፍል ልግባ፤ ይህ ለመምህራን ነው፤ ከሁሉ በፊት ለራሴ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎበዝ ወጣት ሐኪም የድጋፍ ደብዳቤ ይዞልኝ መጣ። ይዞልኝ መጣ ነው የምላችሁ፤ ራሱ ጽፎት፣ አትሞት፣ ፊርማ ብቻ ቀርቶት። ወደ ዋርድ እየሮጥኩ ነበር። ኮሪደር ላይ ግድግዳ አስደግፌ ፈረምኩለት። በወሩ ከተቀበለው ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «እርስዎ በመሩት ጥናት ውስጥ የነበረውን ድርሻ ቢገልጹልን» ይላል። የቱ ጥናት? የፈረምኩትን ቅጂ ፈልጌ አነበብኩት። ሠርተነው የማናውቀው ጥናት ነበር። ልጁን ጠርቼ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚጽፈው አሉኝ፤ ደግሞም እርስዎ ያነቡታል ብዬ ነበር» አለኝ።

እኔ አላነበብኩትም። ለዩኒቨርሲቲው እውነቱን ጻፍኩ፤ ሌላ ምን ማድረግ እችላለሁ? ቅበላው ተሰረዘ፤ ቪዛውም በዚያው ቀረ። የሚያሳዝነው ልጁ እውነተኛ ሥራ ነበረው። በኩፍኝ ወረርሽኝ ጊዜ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ቤት ለቤት የዞረ ልጅ ነው። እኔ ቁጭ ብዬ ብጽፍለት ኖሮ የምጽፈው ያንን ነበር። ጉዳይ አስፈጻሚው ለኔ እንዳደረገው፣ እኔም በእጁ ያለውን እውነት ጥሎ ውሸት ይዞ እንዲሄድ ፈረምኩለት። ልዩነቱ እኔ መምህሩ መሆኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያልጻፍኩትን አልፈርምም። ጊዜ ከሌለኝ «አልችልም» እላለሁ። ያስቀይማል፤ ግን ኮሪደር ላይ ከመፈረም ይሻላል።

እንግዲህ ከመቀመጤ በፊት አራት ነገር ልለምን።

አንደኛ፣ መምህራን፣ የድጋፍ ደብዳቤ ራሳችን እንጻፍ። ተማሪው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይንገረን፤ የሠራውን በዝርዝር ይስጠን፤ ያየነውን ብቻ እንጻፍ። አንድ ያየነው ነገር ከአሥር ውዳሴ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ከግቢያችን የሚወጣ ማስረጃ ሁሉ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ ወሩ በቁጥር ሳይሆን በቃል ይሁን፤ የስሙ አጻጻፍ ፓስፖርት ላለው ሰው ከፓስፖርቱ ጋር ይመሳከር። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ልጅ ላይ የሁለት ወር መጉላላት ያስቀራል።

ሦስተኛ፣ ውጭ ያላችሁ፣ በየዓመቱ ሁለት ሦስት ቅዳሜ ከሰዓት ስጡን። ተማሪዎቹ በስልክ መስኮት ፊት እንደቆሙ ሆነው ይለማመዱ። መልስ አታስጠኗቸው፤ ያንን ጉዳይ አስፈጻሚውም ይችለዋል። «የት ላይ?» እያላችሁ ጠይቋቸው። ደንቡ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥም የምትኖሩበትን አገር ደንብ ከኤምባሲው ይፋዊ ገጽ እያያችሁ አድሱልን፤ እኔ ዛሬ የነገርኳችሁ ቁጥር በሚቀጥለው ዓመት ላይሠራ ይችላል።

አራተኛ፣ የተከለከሉ ልጆች ይደብቃሉ። እኔም ደብቄያለሁ፤ ለአሥራ ምናምን ዓመታት። ያፍራሉ፤ ሲያፍሩም ወደ ጉዳይ አስፈጻሚው ነው የሚመለሱት። ተከልክሎ የመጣ ተማሪ ቢሯችን ሲገባ ከሌላው ሁሉ በፊት ሻይ እንጋብዘው፤ ከዚያ ፋይሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አብረን እንየው።

አጎቴ አሁን ሸምግለዋል። ዛሬ ጠዋት ስደውልላቸው ስለምን እንደምናገር ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ስለ እኔም ትናገሪያለሽ?» አሉ። «ከፈቀዱልኝ» አልኳቸው። «ገንዘቡ የኔ እንደነበር አሁንማ ንገሪያቸው» ብለው ሳቁብኝ። ይኸው ነገርኳችሁ።

በመውጫው በር አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አለ። ቅዳሜ መስጠት የምትችሉ ስማችሁንና የምትኖሩበትን አገር ጻፉበት።